ምዕራፍና ዙሪያ መንገድ
የጥንት ተሳላሚዎች ከደባርዋ እስከ ኢየሩሳሌም

በግእዝ ቋንቋ «ምዕራፍ» ማለት የዕረፍት ቦታ ማለት ነው። መጽሐፍ በምዕራፍ ተከፈለ ሲባል አንባቢው ጥቂት ከሚያርፍበት ደረሰ ለማለት ነው እንጂ ቃሉ በመሠረቱ የመንገደኛ ቃል ነው። መንገደኛ ጧት ተነሥቶ ሲሄድ ውሎ፥ ማታ ሸክሙን አውርዶ፥ ውሃ ቀድቶ፥ እግሩን ታጥቦ የሚያድርበት ስፍራ ምዕራፍ ይባላል። ስለዚህ በእግሩ ሄዶ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የተሳለ የጥንት ሰው፥ ከጸሎቱ ቀጥሎ የሚያስብበት ነገር ምዕራፉን መቍጠር ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ምዕራፉን ሳይቈጥር የተነሣ ሰው መድረሱም መመለሱም ያጠራጥር ነበር።

ከምዕራፉም ጋራ አብሮ የሚታሰብ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ዙሪያ መንገድ ነው። ከካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ መንገድ አጭር ይመስላል። ነገር ግን በረሃና ባሕር፥ ጦርነትና ሽፍታ፥ ጾምና በሽታ ባሉበት አገር ቀጥተኛው መንገድ ሁልጊዜ የሚያደርስ መንገድ አይደለም። ከደባርዋ ተነሥተው ወደ ቅድስት ከተማ ይጓዙ የነበሩት ሰዎች ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የታሪኩ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ወሮችና በዓላት ግን በአገራችን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ጉዞው ከባሕረ ሐሳብ ይጀመራል

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደባርዋ የባሕር ነጋሽ መቀመጫ ነበረች። ከተማይቱ በመረብ ወንዝ ራስጌ በደጋው ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ ከትግራይና ከአምሐራ ከሸዋም ለሚመጣው ተሳላሚ የመሰብሰቢያ ስፍራ ለመሆን ትመች ነበር። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ በ1520 ምጽዋ ወርዶ እስከ 1526 በአገሩ የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እንደ ጻፈው፥ ተሳላሚዎቹ የሚነሡት ከጥምቀት በዓል በኋላ ሲሆን ሐሳባቸውም ሕማማትን በኢየሩሳሌም ለመዋል ነበር።

እንግዲህ የጉዞው የመጀመሪያ ሒሳብ በዘመን ቈጣሪው እጅ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል፥ አይነቃነቅም። ፋሲካ ግን ቢፈጥን መጋቢት 26፥ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ቀን ይውላል። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ሆሳዕና ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት 68 ቀን፥ በሌላው ዓመት ግን እስከ 102 ቀን ይሆናል። ልዩነቱ 34 ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ በጉባኤው መካከል ከሌለ፥ ተሳላሚው ስንት ቀን እንዳለው ሳያውቅ ይነሣ ነበር ማለት ነው።

ከደባርዋ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው ርቀት አሞራ እንደሚበር በቀጥታ ቢለካ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህም ለ102 ቀን ሲካፈል በቀን 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ለ68 ቀን ሲካፈል ግን 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጠንካራ እግረኛ ይህን ቢችለው አያስደንቅም። ዳሩ ግን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ጸናው ሥርዓት ሁለቱን ሰንበታት አክብሮ ቅዳሜና እሑድ ባይጓዝ፥ ከሰባቱ ቀን የሚቀረው አምስቱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ 68ቱ ቀን ወደ 49 ይወርዳል፥ የቀኑም ጉዞ ወደ 39 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሽማግሌዎችና መነኮሳይያት ያሉበት ጉባኤ፥ ስንቁን ተሸክሞ፥ በበረሃ ውስጥ ይህን ያህል በየቀኑ ሊሄድ አይችልም።

በዚህም ላይ ጾሙ አለ። ፋሲካ በፈጠነበት ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 1 ቀን ይገባል። ከደባርዋ በጥምቀት ማግስት የተነሣ ሰው ገና 20 ቀን ሳይጓዝ የ55 ቀን ጾም ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ የስንቁ ዓይነት ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ ሥጋና ቅቤ አይገባበትም። በሶ፥ ቆሎ፥ የደረቀ እንጀራ ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚስማሙት ቀላል ስለ ሆኑ፥ ስለማይበላሹና ጾም ስለማይሽሩ ነው። በሶ ደግሞ ከውሃ በቀር እሳትም እንጨትም አይፈልግም።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ፋሲካ በሚፈጥንበት ዓመት በጥምቀት ማግስት የሚነሣ ሰው በዚያው ዓመት ለሕማማት ለመድረስ እጅግ ያስቸግረዋል። እንግዲህ ወይ ቀደም ብሎ መነሣት፥ ወይም በግብፅ ገዳማት ሰንብቶ የሚመጣውን ዓመት ፋሲካ መጠበቅ አለበት። ዙሪያ መንገድ ገና ከቤት ሳይወጡ መታሰብ የነበረበት ስለዚህ ነው።

ምዕራፉን የሚወስነው ውሃ ነው

የጥር ወር የተመረጠው ለበዓሉ ብቻ አይደለም። በደጋው ዝናሙ በክረምት ይዘንማል፤ በቀይ ባሕር ጠረፍና በምሥራቁ ቍልቍለት ግን ዝናም የሚጥለው በበጋው ወራት፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በጥር ወር ቈላው ሙቀቱ ይበርዳል፥ ሣር ይበቅላል፥ በየጐድጓዳውም ውሃ ይገኛል። ያው መንገደኛ በሰኔ ቢወርድ በዚያው ቦታ የሚያገኘው አሸዋና ሐሩር ብቻ ነው።

ከደጋው ወደ ሱዋኪን ለመውረድ ሁለት ዓይነት መንገድ ይታሰባል። አንደኛው የሳሕልን ጠረፍ ይዞ ባሕሩን በስተ ቀኝ እያዩ መሄድ ነው። ሁለተኛው በዐንሰባና በባርካ ሸለቆ ወርዶ ወደ ቶከር መውጣት ነው። ባርካ በክረምት ጐርፍ ተሞልቶ ከወረደ በኋላ ከላይ ይደርቃል እንጂ ከአሸዋው በታች ውሃ ይዞ ይቈያል፤ ዘላኑም አሸዋውን ቈፍሮ ከብቱን ያጠጣበታል። የመጀመሪያው መንገድ ለባሕሩ፥ ሁለተኛው ለውሃው ይቀርባል። በሁለቱም ቢሆን የቀኑን ጉዞ የሚወስነው የእግረኛው ጕልበት ሳይሆን ከጕድጓድ እስከ ጕድጓድ ያለው ርቀት ነው። ጕድጓዱ በዐሥር ኪሎ ሜትር ላይ ቢገኝ ምዕራፉ እዚያ ነው፤ በሠላሳ ላይ ቢገኝም ያለ ውሃ ማደር ስለማይቻል እስከዚያ መድረስ ግድ ነው። ስለዚህ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ማለት ጕድጓዶቹንና የጕድጓዶቹን ባለቤቶች የሚያውቅ ሰው ማለት ነበር።

ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሰዎች

አልቫሬስ በነበረበት ዘመን ከደባርዋ አካባቢ አንድ ታላቅ የተሳላሚዎች ጉባኤ ተነሣ። ቍጥራቸው 336 ሲሆን አብዛኞቹ ካህናትና መነኮሳት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል 15 መነኮሳይያት ነበሩባቸው። ቄሱ እንደሚተርከው ጉዞአቸው እጅግ የዘገየ ነበር። በቀን ጥቂት ብቻ ይሄዱና ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሰፍራሉ፤ ድንኳን ተክለውም ጸሎታቸውን ያደርሳሉ።

የዚህ አሳብ ምክንያቱ አይጠፋም። ቍጥር ኀይል ነው፤ ሦስት መቶ ሰው የሚደፍር ወንበዴ የለም ብለው ሳይሆን አይቀርም። የምዕራፋቸው ማጠርም ለደካማውና ለሽማግሌው የታሰበ ምሕረት ነው፤ ጸሎቱንም ሳያስታጕል ለሚሄድ ጉባኤ የሚገባ ነው። ነገር ግን ብዙ ሕዝብ በዝግታ ሲጓዝ ወሬው ይቀድመዋል። በየጕድጓዱ ረዥም ጊዜ ይቈያል፤ የት እንዳደረና ነገ የት እንደሚያድር አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከእነዚህም ከሦስት መቶ በላይ ከሆኑት ሰዎች አብዛኞቹ የጸሎት ሰዎች ነበሩ እንጂ የጦር ሰዎች አልነበሩም።

ወደ ሱዋኪን በሚወስደው በረሃ ወንበዴዎች ወደቁባቸው። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፥ ወጣቶቹ ተይዘው ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። አልቫሬስ ከተረፉት መካከል ያገኛቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ነገሩን ከአፋቸው ሰምቶ ጽፎታል። ከዚያም ወዲያ ተሳላሚዎቹ በታላቅ ጉባኤ መሄድን ትተው፥ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ እንደ ማንኛውም መንገደኛ መጓዝ ጀመሩ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የእነዚያ ሰዎች አሳብ ሁሉ ለደካማው ያዘነ አሳብ ነበር፤ ሆኖም ምዕራፉ የተቈጠረው በእነርሱ ድካም ልክ ብቻ ነበርና የሚያልፉበት አገር ጸጥታ ከቍጥሩ ሳይገባ ቀረ። የእግረኛ ዕቅድ ግን ከሁለቱም ወገን መታየት አለበት፤ እኔ ምን ያህል እችላለሁ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፥ መንገዱስ ምን ያህል ጊዜ ይሰጠኛል ብሎ መጠየቅም ይገባል።

ዓባይ ሲሸከም

ከሱዋኪን ወዲያ የሚጠብቀው በረሃ በግመል ቅፍለት የሚታለፍ ነው፤ ዓላማውም ላዕላይ ግብፅ ደርሶ ዓባይን ማግኘት ነው። ከዚያ በኋላ ድካሙ ይቀላል። ከቁስ እስከ ካይሮ በወንዙ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርቀት ስላለ፥ በታንኳ የሚወርድ ሰው እግሩን አሳርፎ ይሄዳል። በዚያ አገር ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፥ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ሲሄዱ ውሃው ይሸከማል፥ ሲመለሱ ነፋሱ በሸራ ይገፋል። የእግሩን ጉዞ በቀን ከፍሎ የቈጠረ ሰው ይህን የወንዝ ምዕራፍ ካላሰበበት ሒሳቡ ሁሉ ይሳሳታል።

ከካይሮ እስከ ኢየሩሳሌም ያለው መንገድ በቢልቤስ፥ በቃጥያ፥ በኤል ዐሪሽና በጋዛ የሚያልፈው የጥንቱ የነጋዴዎችና የጦር ሠራዊት መንገድ ነው። በሲና በረሃ ሰሜን ጫፍ ባሕሩን እየተከተለ ስለሚሄድ የታወቁ ጕድጓዶች አሉበት። ወደ ደብረ ሲና የሚሻ ግን ከዚህ ይለያል። አንዳንዱ ከካይሮ ይነሣል፤ አንዳንዱም በቀይ ባሕር በመርከብ እስከ ኤል ጦር ወደብ መጥቶ ከዚያ ወደ ቅድስት ካተሪና ገዳም ይወጣል።

ዙሪያው ያተረፈው

በግብፅ ምድር ያሉትን ዙሪያ መንገዶች የሚመለከት ሰው ተሳላሚው ጊዜውን ያባከነ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአስዩጥ አውራጃ ያለው የቍስቋም ገዳም፥ ቅድስት ድንግል ከልጅዋ ጋራ 6 ወር ከ10 ቀን እንደ ተቀመጠችበት የሚነገርለት፥ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። በአስቄጥስ በረሃ፥ በካይሮም በሐረት ዙወይላ እንዲሁ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከእነዚህ ቦታዎች የሚደርስ ደካማ ተሳላሚ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው፥ በጾሙ የሚያስተናግደው ማኅበርና የወደ ፊቱን መንገድ የሚነግረው ወንድም ያገኝ ነበር። ለታመመው ሆስፒታሉ፥ ለዘገየውም የሚመጣውን ፋሲካ መጠበቂያው ይኸው ነበር።

ከዚያም የሚበልጥ ፍሬ አለ። በቀይ ባሕር አጠገብ ባለው በቅዱስ እንጦንስ ገዳም፥ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጕሟል። በየቤተ ክርስቲያኑ በየዕለቱ የሚነበበው መጽሐፍ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው መንገድ ዳር ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

መንገዱ ሲዘጋም ዙሪያው ረዥም ይሆናል። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ወይም በ1338 ገደማ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ ከሰራየ ተነሥተው በሰሜን በኩል ወደ ኖባ፥ ከዚያም ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በዚያም ሳያበቁ በቆጵሮስ አልፈው አርመን ደረሱ፥ በ1352ም በዚያው ዐረፉ። ለመሪው መንገዱ መመለሻ የሌለው ሆነ። ነገር ግን ትምህርታቸው በደቀ መዛሙርቱ በኩል በአገሩ ጸና፤ በነፋሲት ላይ ያለው ደብረ ቢዘን በ1361 በአባ ፊልጶስ የተመሠረተው በዚሁ ቤት ልጆች ነው። ኋላም ለብዙ ተሳላሚ ቢዘን ከአገር ሳይወጡ የሚሳለሙት የመጨረሻው ታላቅ ምዕራፍ ሆነ።

አንዳንዶቹም ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ በኋላ ወደ ሮማ ተሻገሩ። በቫቲካን አጠገብ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ የእነዚህን እንግዶች ጸሎት ሰምቶ፥ ከእነርሱም ፊደሉን ተምሮ፥ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በሮማ አሳተመ። ቋንቋውን በስሕተት «ከለዳዊ» ቢለውም በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። በ1548 ደግሞ በዚያው ቤት ይኖር የነበረው አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመረ። አታሚዎቹ ግእዝ የማያውቁ ስለ ነበሩ ለሕትመቱ ስሕተት በመጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ ተጠይቆበታል። አንድ መነኩሴ ከታሰበለት መንገድ ወጥቶ ወደ ሮማ ባይዞር ኖሮ፥ የአገራችን ፊደል ከማተሚያ ቤት ለመግባት ገና ብዙ ዘመን በጠበቀ ነበር።

በቀን የተለካ መጽሐፍ

ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ በቬኒስ ከተማ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሰው ከዚያ የደረሱትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ መንገዳቸውን ጻፈ። ከእነርሱም ሩፋኤል፥ ቶማስና እንጦንስ የሚባሉ ነበሩ። ጽሑፉ በፊሬንሴ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ኖሮ በ1958 በክሮፎርድ አዘጋጅነት በእንግሊዝ አገር ታትሟል። መነኮሳቱ ርቀቱን የነገሩት በምዕራፍ ነው፤ ከዚህ ቦታ እስከዚያ ቦታ ይህን ያህል ቀን እያሉ። የቦታዎቹ ስም ከግእዝና ከአማርኛ አፍ ወደ ኢጣልያዊ ጆሮ ሲያልፍ ተጣምሟልና ዛሬ አንዱን ስም ለይቶ ለማወቅ ሊቃውንቱ ብዙ ይደክማሉ። የቀኑ ቍጥር ግን በማንም ቋንቋ ያው ስለ ሆነ፥ ስሙ የጠፋውን ቦታ መልሶ ለመፈለግ የሚረዳው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ለራሳቸው ለመንገድ ብለው የቈጠሩት ምዕራፍ ለታሪክ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ዘመኑ ሲለወጥ

በ1869 የሱዌዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላ የእንፋሎት መርከብ የበረሃውን ምዕራፍ ሁሉ ወደ ጥቂት የባሕር ቀኖች አሳጠረው። በ1892 ከያፋ እስከ ኢየሩሳሌም የባቡር ሐዲድ ገባ። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1893፥ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የተጀመረው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ተፈጽሞ ለተሳላሚው ታላቅ ማረፊያ ሆነ። ሱዋኪንም በ1909 ፖርት ሱዳን ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነጋዴዎቹ ጥለዋት ሄደው የድንጋይ ቤቶችዋ ፈረሱ። ዛሬ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ይደርሳል፤ ጕድጓድ አይቈጥርም።

ሆኖም በእግር መሳለም ከአገሩ አልጠፋም። ለገና ወደ ላሊበላ፥ ለመስከረም 21 ወደ ግሼን ማርያም ብዙ ሕዝብ ዛሬም ከሩቅ በእግሩ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የጥንቱ ሥርዓት አላረጀም። በዓሉ የሚውልበትን ቀን ይዞ ወደ ኋላ መቍጠር፥ ሰንበቱንና የድካሙን ቀን ከቍጥሩ ማውጣት፥ ምዕራፉን በውሃው ላይ ማድረግ፥ ከመንገዱም ራቅ ብሎ ዘመድ ወይም ገዳም ያለበትን ስፍራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ ደካማ ቢኖር ወይም ወሬው ቢከፋ ወደዚያ ዞር ማለት እንደ ሽንፈት ሊቈጠር አይገባም። ከደባርዋ ከተነሡት 336 ሰዎች ብዙዎቹ ምዕራፋቸው በበረሃ ተቈርጦ ቀርቷል፤ ከእነርሱ በኋላ ጥቂት ጥቂት ሆነው በልዩ ልዩ መንገድ የሄዱት ግን ደርሰው ለእኛም መንገዱን ነግረውናል።